የሟቹ ቶክን

መልእክቱ የገባው ሰኞ ጠዋት፣ ወላጆች የልጆቻቸውን ምሳ ዕቃ በሚያዘጋጁበት ሰዓት ነው። ላንቻ ባለች አንዲት ትንሽ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ "ነገ ቢጫ ልብስ አልብሷቸው" ከሚለው ማስታወቂያ ሥር፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው አንድ የላብራቶሪ ውጤት ለጠፈ። የመምህርት ሳምራ ሙሉ ስም፣ ዕድሜዋ፣ ስልኳ፣ ከዚያም በቀይ የተከበበ መስመር፦ የጉበት ቫይረስ፣ ፖዘቲቭ። ከሥሩ ደግሞ "ልጆቻችሁን አቅፋ የምትውለው ይቺ ናት" ይላል። እንግዲህ ሰው በሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል።

ዋና ኢንስፔክተር አስቻለች ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ሳምራ ዕቃዋን ሰብስባ በር ላይ ቆማለች። አስቻለች ሃያ ዓመት በፖሊስነት የሠራች፣ ወፈር ያለች፣ ድምጿ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። ባልደረቦቿ አባቷ ስም ሲያወጡ ተሳስተዋል እያሉ ይቀልዱባታል፤ ምንም ነገር መቻል አትችልምና። ያን ዕለትም አልቻለችም።

"አባረሯት?" አለች ርዕሰ መምህሩን።

"አልተባረረችም እኮ። ነገሩ እስኪበርድ ቤቷ ትቀመጥ ነው ያልነው። ወላጅ ተረበሸብን።"

"በመጨበጥና በማቀፍ እንደማይተላለፍ ያውቃሉ?"

"እኔማ አውቃለሁ።"

"ለወላጆቹስ ነግረዋቸዋል?"

ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛቸው ላይ የሌለ አቧራ ጠረጉ። አስቻለች ሌላ ቃል ካወጣች የማይሆን ነገር እንደምትናገር ስላወቀች ትታቸው ወጣች።

ሳምራ አታለቅስም። ድርቅ ብላለች። "ከዚህ በፊት ቴክስት መጥቶልኝ ነበር" አለች። "ብር ላኪ፣ አለዚያ ውጤትሽን ሰው ያየዋል የሚል። አልላክሁም። ማለቴ፣ ከየት አምጥቼ? ፖሊስ ጋ ለመምጣት ደግሞ አፈርኩ። ይህን ነገር እናቴ እንኳን አታውቅም ነበር። አሁን ሰፈሩ በሙሉ አወቀ።"

"ማፈር ያለበት ሌላ ሰው ነው" አለቻት አስቻለች። "እሱን አገኘዋለሁ።"

ይህን ቃል እንዲህ በቀላሉ መስጠት እንደማይገባት ታውቃለች። ግን ደሟ ፈልቶ ነበር።

*

ያስፈራሩት ሳምራን ብቻ አልነበረም። በዚያው ሰኞ ከቄራ፣ ከላንቻ፣ ከወሎ ሰፈር ሌሎችም አቤት ብለዋል። የተመረመሩት በተለያዩ ክሊኒኮች ነው። ክሊኒኮቹን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ቢኖር የታካሚዎቻቸውን መረጃ የሚያስቀምጥላቸው ድርጅት ነው፤ ስንዱ ሄልዝ ይባላል። ቢሮው ካዛንቺስ፣ ፈርሶ በቆርቆሮ ከታጠረው ሰፈር ፊት ለፊት ያለ ፎቅ ላይ ነው።

አስቻለች ከሰዓት እዚያ የሄደችው ከሳጅን መሐመድአሚን ጋር ነው። ልጁ ኮምፒውተር የተማረ፣ ፈጣን፣ ትዕግሥተኛ ነው። በተለይ ከአለቃው ጋር ለመሥራት ትዕግሥቱ ጠቅሞታል።

የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ታዲዎስ በጥቁር ክራቫት ተቀበሏቸው። ሽበታቸው ያማረ፣ ሲናገሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ የሚያሳርፉ ሰው ናቸው። ሠራተኛው ሁሉ ጋሽ ታዲ ይላቸዋል። ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት የአንድ ጎልማሳ ፎቶ ተሰቅሏል።

"ኃይለገብርኤል ነው" አሉ አቶ ታዲዎስ፣ ዓይናቸው ውሃ እየሞላ። "የዳታቤዙ ኃላፊ። በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገባ፣ በዚያው ቀረ። አርባው የፊታችን ቅዳሜ ነው። አሁን ደግሞ ይኼ መዓት መጣብን።"

"መረጃው እንዴት እንደወጣ ሊያስረዱኝ ይችላሉ?"

"ኢንስፔክተር፣ እኔ የንግድ ሰው ነኝ። ያንን ዳታቤዙ የሚከፈትበትን ጥቁር ስክሪን በሕይወቴ ከፍቼው አላውቅም። ምን እንደሚጻፍበትም አላውቅም። እሱን የሚያውቀው ኃይልዬ ነበር፣ አሁን ደግሞ ሩቲ ናት።"

ሩቲ የሟቹን ቦታ የተካች ወጣት ናት። መሐመድአሚን አጠገቧ ተቀምጦ ከዳታቤዙ ማን ምን እንዳወጣ አብረው ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ አንገቱን ቀና አደረገ።

"ሁሉም የወጣው በአንድ ቶክን ነው" አለ። "ቶክን ማለት፣ በቃ፣ ቁልፍ ነው። ረጅም የፊደልና የቁጥር ጥልፍልፍ። ለአንድ ሠራተኛ ይሠራለታል፣ እሱን ያስገባ ሁሉ ዳታቤዙን ያነባል። የያዘው ማን እንደሆነ አይጠይቅም።"

"የማን ቶክን ነው?"

ልጁ ወደ ፎቶው አየ። "የእሳቸው። የአቶ ኃይለገብርኤል። መረጃው መውጣት የጀመረው ደግሞ ከቀብራቸው በኋላ ነው። የገባው ሰው አድራሻውን ሸፍኗል፤ በሌላ አገር በኩል አዙሮ ነው የመጣው።"

አስቻለች ሩቲ ላይ አፈጠጠች። "ሰውየው ከሞተ በኋላ ቁልፉ ይሠራ ነበር ማለት ነው?"

ሩቲ ወለሉን አየች። "ተሰርዟል" አለች በቀስታ። "አሁን ተሰርዟል።"

"ቁልፉ የት የት ይገኛል?"

"የሱ ላፕቶፕ ላይ። ሌላ ቦታ መኖር የለበትም። ላፕቶፑ ቤቱ ነው፣ ባለቤቱ ጋ።"

*

ላፕቶፑ ወሎ ሰፈር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ከነቦርሳው ተገኘ። የአስቻለች አለቃ የሆኑት ኮማንደር ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። ማክሰኞ የሟቹን ሚስት ራሄልን አስያዟት፣ ላፕቶፑም ታሽጎ ጣቢያ ገባ።

"ቁልፉ ያለው እሷ ቤት ነው" አሉ ኮማንደሩ። "ባሏ ሞቶ ቤቷ ጎደለ፣ ቁልፉን አገኘች፣ ተጠቀመችበት። ምን ያስቸግራል?"

"የሚያስቸግረውማ የማላምነው መሆኑ ነው" አለች አስቻለች።

"እመኚ አላልኩሽም። መዝገቡን አዘጋጂ ነው ያልኩሽ።"

ራሄል ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራ ተቀምጣለች። ሐዘን ያጠቆረው ፊቷ ላይ እንቅልፍ ማጣት ተጨምሮበታል። አስቻለች ውሃ አስመጣችላት፤ አልነካችውም።

"ላፕቶፑን ከፍተሽዋል?"

"ከሞተ ወዲህ ቦርሳውን እንኳን አልነካሁም። ሽታው አለበት።"

"ሌላ ሰው ነክቶት ይሆን?"

"ለቅሶ ቤት እኮ ነው፣ እትዬ። ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ወጣ። እኔ ራሴን አላውቅም ነበር።"

"ታሞ ሳለስ ማን ይጠይቀው ነበር?"

"ሁሉም ከቢሮ ይመጣ ነበር። ሩቲ፣ ፊት አብሮት ይሠራ የነበረው ሔኖክ፣ ጋሽ ታዲ ብርቱካን ይዘው። መድኃኒት ክንዱ ላይ ተሰክቶ እንኳን ስልኩን አይለቅም። ሥራው ቆመ፣ ይህ አልከፈት አለ፣ ያ ተበላሸ ይሉታል። ተዋቸው ስለው ይሉኝታ አለበት። እምቢ ማለት የማያውቅ ሰው ነበር።"

ከተቀመጠችበት ዘንበል ብላ የአስቻለችን ዓይን ፈለገች።

"አርባው ቅዳሜ ነው። እኔ ካልወጣሁ ማን ያወጣለታል? ዘመዶቹ ሩቅ ናቸው። የዕድራችን ሊቀመንበር ዛሬ እዚህ ድረስ መጥተው ድንኳኑን መስጠት አለመስጠታችንን እንመካከርበታለን አሉኝ። ሌባ ነበር እየተባለ ነው ሰፈር ውስጥ። መሬት ከገባ በኋላ ሌባ አደረጉት። እኔን እሺ ይሰሩኝ፣ እሱ ምን አደረጋቸው?"

አስቻለች ከክፍሉ ወጣች። ቅዳሜ ሩቅ አልነበረም።

*

በማግስቱ ኮማንደሩ አዲስ ስም አመጡ። ሔኖክ ከስንዱ ሄልዝ ተጣልቶ የወጣ ፕሮግራመር ነው። ከቀብሩ ወዲህ ራሄል ቤት ይመላለሳል።

"ግብረ አበሯ ነው" አሉ ኮማንደሩ። "ምናልባትም ከዚያ በላይ።"

"የወዳጁን ሚስት ስለጠየቀ?"

"ሂጂና አጣሪ።"

ሔኖክ ቄራ፣ ከሥጋ ቤቶቹ ጎን በተከራያት ጠባብ ሱቅ ሞባይል ይጠግናል። መሐመድአሚን መታወቂያውን ሲያሳየው የያዘውን ስልክ ሳያስቀምጥ ሳቀ።

"እየጠበቅኋችሁ ነበር። ያኮረፈ ሠራተኛ፣ ኮምፒውተር የሚችል፣ መበለት የሚጠይቅ። እኔም ፖሊስ ብሆን መጀመሪያ የምይዘው ራሴን ነው።"

"ቀልዱን ተወው" አለች አስቻለች። "ለምን ትመላለሳለህ ራሄል ቤት?"

ሳቁ ጠፋ። "ኃይልዬ ሥራ ያስተማረኝ ሰው ነው። ቤቱ ለቅሶ ላይ ሆኖ እኔ የት ልሂድ? ከጋሽ ታዲ ጋር ስጣላ ከኔ ጎን የቆመው እሱ ብቻ ነው።"

"በቶክኑ ገብተህ የሰው ውጤት አላወጣህም?"

ሔኖክ መሳቢያውን ከፍቶ የቆየች የቁልፍ ስልክ አወጣ፣ ከፍቶ ሰጣት። ስክሪኑ ላይ ቴክስት አለ፦ ውጤትሽ እጃችን ላይ ነው፣ ብር ካልላክሽ ልጆችሽ ያዩታል።

"የእናቴ ስልክ ነው" አለ። "ማንበብ ስለማትችል ለጎረቤት ሰጥታ አስነበበች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማ። በቃ፣ እኔ ያንን ሰው ባገኘው እናንተ ጋ አላደርሰውም፣ እውነቴን ነው።"

አስቻለች ስልኩን መለሰችለት። የገዛ እናቱን እንዲህ የሚያዋርድ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ይኸኛው ግን አይደለም። ኮማንደሩ የሚፈልጉት ግብረ አበር እዚህ እንደሌለ ገባት።

"አንድ ነገር ልጠይቅ" አለ ሔኖክ። "የኃይልዬን ቶክን ሰርዘውታል?"

"ሰርዘናል ብለዋል።"

"ማን? አርባው ሳይወጣ?" ራሱን ነቀነቀ። "አይመስለኝም፣ ኢንስፔክተር። ለቅሶ ላይ እኔም ነበርኩ። አርባው ሳይወጣ ከዳታቤዙ ስሙን ማንም አይነካም ብለው የቢሮው ሰዎች ተማምለዋል። ሰዉ ሁሉ ተላቀሰ። ምን ልዋሽ፣ እኔም አልቅሻለሁ። እኔ ግን፣ የሥራ መልቀቂያዬን ሰጥቼ ሊፍት እስክይዝ ተሰርዣለሁ። ራሱ ኃይልዬ ነው የሰረዘኝ፣ ሥራው ስለሆነ። አንድ መስመር ጽፎ ኤንተር መምታት ነው። ለቆመ ሰው እንዲህ እንፈጥናለን፣ ለሞተ ሰው ግን እጃችን ይታሰራል።"

"ካልተሰረዘስ ማን እንደሚጠቀምበት በምን ይታወቃል? አድራሻውን ደብቋል።"

"ቀላል ነው እኮ። እኛ ጋ፣ ማን እንደሚጠቀምበት ያልታወቀ ነገር ሲኖር ለማንም ሳንናገር እንዘጋዋለን። ከዚያ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። የሚጠቀምበት ሰው እየጮኸ ይመጣል።"

*

ሐሙስ ጠዋት አስቻለች ሩቲ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። አቶ ታዲዎስ ገና አልገቡም። መሐመድአሚን በሩን ገርበብ አደረገው።

"ክፈቺው" አለች። "የቶክኖቹን ስም ዝርዝር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።"

"ኢንስፔክተር፣ ባለፈው እኮ..."

"ባለፈው የነገርሽኝን ሰምቻለሁ። አሁን አሳዪኝ።"

የሩቲ ጣቶች ተርሚናሉ ላይ፣ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን፣ አንድ መስመር ጻፉ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ስሞች ተደረደሩ፤ ከየስሙ ጎን ለመጨረሻ ጊዜ የተጠቀመበት ቀን። መሐመድአሚን ጣቱን አንዱ ስም ላይ አሳረፈ። ኃይለገብርኤል። ትናንት።



"ትናንት" አለች አስቻለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ እሷን የሚያውቃት መሐመድአሚን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "ሚስቱ ታስራለች። ላፕቶፑ ታሽጎ እኛ ጋ ነው። እሱ መቃብር ውስጥ ነው። ትናንት ታዲያ ማነው የገባው?"

ሩቲ እንባዋ ወረደ። "ዋሸሁዎት። አልሰረዝኩትም። ለመሰረዝ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ትእዛዙን ስጽፍ ተርሚናሉ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስሙን እንደገና በእጅሽ ጻፊ ይላል። ኃይለገብርኤል ብዬ ጽፌ ኤንተር መምታት አቃተኝ። ስሙን እኔ የማጠፋው መሰለኝ። ደግሞ ሁላችንም አርባው እስኪወጣ ተባብለናል። እኔ ብቻዬን ምን ሰው ሆኜ ነው ያንን የማፈርሰው?"

"መረጃው በሱ ቁልፍ እየወጣ መሆኑን ሰኞ አውቀሻል።"

"አውቄያለሁ። እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። እስከ ዛሬ ክፍት ነበር ብል ሁሉም በኔ ላይ ይመጣል።"

"ስለዚህ በራሄል ላይ እንዲመጣ ተውሽው።"

አስቻለች ልትጮህባት አፏን ከፈተች፣ ግን የልጅቷ ዓይን አሁንም ሟቹ ስም ላይ ነበር። ይህቺ ክፉ አይደለችም፤ ደግ ነገር ያደረገች መስሏት ነው። ይህ ደግሞ አስቻለችን ይበልጥ አናደዳት። ለሞተ ሰው ክብር ተብሎ የስንት በሕይወት ያለ ሰው ገመና ገበያ ወጣ። አንዲት አስተማሪ ከልጆቿ ተለየች። አንዲት አሮጊት የገዛ ሕመሟን ከጎረቤት አፍ ሰማች። አሁንም፣ እዚህ ቆመው እያወሩ፣ በሩ ክፍት ነው።

"ጻፊ" አለች።

"አርባው ከነገ ወዲያ..."

"ሩቲ፣ ጻፊ አልኩሽ።"

ሩቲ ጻፈች። ተርሚናሉ ጠየቀ። ስሙን በፊደል በፊደል ደገመችው፤ ዓይኗን ጨፍና ኤንተር መታች። ተሰርዟል የምትል አጭር መልስ መጣች፤ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም እያለ ሌላ ትእዛዝ ይጠብቃል። ይኼው ነው፤ ሕዝብ ያስለቀሰው ነገር በዚህ አለቀ።

"ለማንም አትናገሪ" አለች አስቻለች። "ለእናትሽም ቢሆን። ሥራሽን ሥሪ። እኛ እዚያ ስብሰባ ክፍል ሠራተኞችን እየጠየቅን ነን። ከዚህ አትነሺ።"

*

ረፋዱ አለፈ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ሠራተኛው ወጣ ገባ አለ። አስቻለች በስብሰባ ክፍሉ የመስታወት በር በኩል ከሩቲ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሩቲ ያስመጡላትን ፍርፍር እንኳን አልቀመሰችም። መሐመድአሚን ለሦስተኛ ጊዜ ማኪያቶ አዘዘ።

"ባይመጣስ?" አለ።

"ራሄል ቅዳሜን ጣቢያ ታሳልፋለች። እኔም ኮማንደሩ ፊት ጅል እሆናለሁ።"

ከምሳ በኋላ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ተከፈተ። አቶ ታዲዎስ ወጡ። ጥቁር ክራቫታቸው ላላ ብሏል። በጠረጴዛዎቹ መሐል ቀጥ ብለው መጥተው ሩቲ ፊት ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ሩቲ" አሉ፣ ቢሮው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። "ምን አደረግሽ? ሁለት ቀን መታገስ አቃተሽ? ድንኳን ውስጥ ቆሜ ምን ብዬ ነበር? አርባው ሳይወጣ የኃይልዬን ስም የሚነካ ከኔ ጋር ተጣላ አላልኩም? ይኼንን ልጅ እንዲህ ታዋርጂዋለሽ?"

ሠራተኞቹ ከየወንበራቸው ዞሩ። አንዷ ልጅ ለሟቹ አዝና ከንፈሯን መጠጠች። ሩቲ አንገቷን ደፋች።

"መልሺው" አሉ አቶ ታዲዎስ። "አሁኑኑ፣ እንደነበረ መልሺው።"

አስቻለች በሩን ከፍታ ወጣች። አልተቻኮለችም።

"ምኑን ነው የምትመልሰው፣ አቶ ታዲዎስ?"

ደንገጥ አሉ፣ ግን ወዲያው እጃቸው ደረታቸው ላይ ወጣ። "አይ፣ የራሳችን ጉዳይ ነው። የሟቹን ስም ሰርዛው..."

"መሰረዙን ማን ነገረዎት?"

"ሩቲ ናታ።"

"አልነገርኩም" አለች ሩቲ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ።

"ሌላ ሰው ይሆናል የነገረኝ። ማን እንደሆነ..."

"ማንም አያውቅም። እኔ፣ ሳጅኑና እሷ ብቻ ነን። እሷ ከፊቴ አልተነሳችም።" አስቻለች ቀረበቻቸው። "ጥቁሩን ስክሪን በሕይወቴ ከፍቼው አላውቅም ብለውኛል። ታዲያ በምን አዩት? ያ ቁልፍ መበጠሱን ሊያውቅ የሚችለው አንድ ሰው ነው፤ ዛሬ ሊከፍትበት ሞክሮ አልከፍት ያለው።"

የአቶ ታዲዎስ እጅ ከደረታቸው ወረደ። ከንፈሯን የመጠጠችው ልጅ አፏን በእጇ ያዘች። መሐመድአሚን በአጠገባቸው አልፎ ቢሯቸው ገባና ጠረጴዛው ላይ ክፍት የተተወውን ላፕቶፕ አዞረው። ስክሪኑ ላይ ተርሚናል ተከፍቷል፣ የሟቹ ስም ይነበባል፣ ከሥሩም ፈቃድ የለም የሚል መስመር ደጋግሞ ተጽፏል።

"አምስት ጊዜ ሞክረዋል" አለ ልጁ ከውስጥ።

አቶ ታዲዎስ ጣቢያ ደርሰው ብዙም አልቆዩም፣ ተናገሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ደንበኞቻቸው የነበሩት ክሊኒኮች ተበትነው ድርጅቱ ሊዘጋ ደርሶ ነበር አሉ። ቁልፉን የሰጣቸው ራሱ ኃይለገብርኤል ነው። ብርቱካን ይዘው ሆስፒታል ሄደው፣ ሥራው ቆሟልና አንተ እስክትነሳ ባንተ ቁልፍ እንግባ አሉት።

"እሺ ብሎ ሰጠዎት?"

"ይሉኝታ ነበረበት። እንዲያውም ሥራው ሲያልቅ ንገሩኝ፣ ወዲያው እሰርዘዋለሁ አለኝ።"

"ሞተና ሳይሰርዘው ቀረ።"

"አዎ።"

"እርስዎ ደግሞ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቆመው ሌላውም እንዳይሰርዝ አስማሉ። እያለቀሱ። እስከ ቅዳሜ ለቅመው ሊጨርሱ ነበር፣ አይደል? ከዚያ ራስዎ ሩቲን ሰርዢው ሊሏት።"

አቶ ታዲዎስ አንገታቸውን ደፉ። "ያለቀስኩት የእውነቴን ነበር" አሉ።

አስቻለች ከወንበሯ ተነሳች። በሥራ ዘመኗ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፣ የሕፃን ልብስ የሰረቀ አይታለች፤ እንዲህ ዓይኑን በጨው የታጠበ ግን አላየችም። የሟቹን ሚስት ጥቁር ልብስ፣ የጓደኞቹን እንባ፣ የሃይማኖታቸውን ወግ መሸፈኛ አድርጎ ሲሰርቅ ከርሞ ያለቀስኩት የእውነቴን ነው ይላታል። ቃሉን መቀበሉን ለመሐመድአሚን ትታለት ወጣች። ኮሪደሩ ላይ እስኪበርድላት ወዲያ ወዲህ አለች።

*

ራሄል ዓርብ ከሰዓት ተለቀቀች። ኮማንደሩ ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ፊርማቸውን ግን ፈጥነው አኖሩ። አስቻለች በዚያው ወደ ላንቻ ደወለች። ርዕሰ መምህሩ የሳምራን ጉዳይ ኮሚቴ እያየው መሆኑን ነገሯት።

"ምኑን ነው የሚያየው ኮሚቴው?" አለች። "በማቀፍ እንደማይተላለፍ ሐኪም ሁሉ የሚናገረውን? ሌባውን ይዘንላችኋል፣ ሌላ ምን ቀራችሁ?"

"ሂደት አለው፣ ኢንስፔክተር።"

ስልኩን ዘጋችባቸው። ሰኞ ዩኒፎርሟን ለብሳ ራሷ የወላጆች ስብሰባ ላይ እንደምትገኝ ወሰነች። የሚጠራት ባይኖርም ትገኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነጠላ ለብሳ ወሎ ሰፈር ሄደች። ዕድሩ ድንኳኑን ተክሏል፤ አግዳሚዎቹ ግን ባዶ ናቸው። ቄሱና ጥቂት ዘመዶች ብቻ ከፊት ተቀምጠዋል። በሐሰት የተወራው ሰፈሩን አዳርሷል፣ እውነቱ ገና አልደረሰም። ከመንገዱ ማዶ፣ ካፌው በር ላይ፣ የዕድሩ ወንዶች ተቀምጠው ወደ ድንኳኑ ያያሉ። የዕድሩ ደንብ ያስገደዳቸውን ድንኳን ሰጥተዋል፤ ራሳቸው ግን አልገቡም።

አስቻለች መንገዱን ተሻገረች። መታወቂያዋን አውጥታ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረች።

"እኔ የያዝኩት መዝገብ ስለሆነ ከኔ ስሙ። ኃይለገብርኤል አልሰረቀም። ሚስቱም አልሰረቀችም። የሰረቀው አለቃው ነው፣ ቃሉን ሰጥቷል። ሴትዮዋ ያለ ኃጢአቷ ታስራ ወጥታ የባሏን አርባ ብቻዋን ይዛ ተቀምጣለች። እናንተ እዚህ ማኪያቶ ትጠጣላችሁ።"

ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እኛማ እንዲህ ተባለ ሲባል..."

"ማን እንዳለ ጠይቃችኋል?"

ሊቀመንበሩ ኮፍያቸውን አውልቀው ተነሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። አግዳሚው ቀስ በቀስ መሙላት ጀመረ። ሔኖክም እናቱን ደግፎ መጣ።

ሩቲ የመጣችው ከሁሉም በኋላ ነው። ራሄል እንግዶችን ለመቀበል ድንኳኑ በር ላይ ቆማለች፣ አስቻለችም አጠገቧ ናት። ልጅቷ ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ራሄል እግር ሥር ልትወድቅ ስትል ራሄል ክንዷን ይዛ አቆመቻት።

"ይቅር በይኝ" አለች ሩቲ። "ስሙን ሰረዝኩት። አርባው ሳይወጣ፣ በዚህ እጄ ሰረዝኩት።"

"መቼ ነው የሰረዝሽው?"

"ሐሙስ።"

ራሄል ስትናገር ድምጿ ውስጥ ልቅሶ አልነበረም፣ ቁጣ ነበር።

"ለሰረዝሽው ይቅርታ አትጠይቂኝ። እስከ ሐሙስ ለጠበቅሽው ጠይቂኝ። በሞተ በማግስቱ ብትሰርዢው ያቺ አስተማሪ ከልጆቿ ጋር ነበረች፣ የሔኖክ እናት አንገቷን አትደፋም ነበር፣ እኔም ለቅሶዬን ቤቴ አለቅስ ነበር። እኔ እኮ ባሌን ቀብሬዋለሁ፣ ሩቲ። አፈር ሲለብስ ቆሜ አይቼ ነው የተመለስኩት። ያልቀበራችሁት እናንተ ናችሁ።"

ራሄል ነጠላዋን አስተካክላ ክንዷን ሳትለቅ ወደ ድንኳኑ ይዛት ገባች።